ካፒቴን ጆሹዋ ስሎከም፤ በመጸው ወደ ደቡብ የወረደው መርከበኛ

በአገራችን መስከረም ጠብቶ አደይ አበባ ሜዳውን በሚያለብስበት ወራት፥ ከአትላንቲክ ውቅያኖስ ማዶ በሰሜን አሜሪካ ምሥራቃዊ ጠረፍ የዛፎቹ ቅጠል ቀልቶ መርገፍ ይጀምራል። በዚያ አገር መጸው ማለት ይህ ነው። ያን ጊዜ ጀልባ ያላቸው የጠረፉ ሰዎች ልባቸው ወደ ደቡብ ይሸፍታል። ከማሳቹሴትስና ከኒው ዮርክ ተነሥተው፥ የብሱን በስተቀኝ እያዩ፥ ወደ ፍሎሪዳና ወደ ካሪቢያን ደሴቶች ይወርዳሉ፤ የበረዶውን ወራት በሞቃቱ ባሕር አሳልፈው ብርዱ ሲያልፍ ይመለሳሉ።

ይህ ጉዞ ሲያወሩት ሽርሽር ይመስላል፤ ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። በዚያ ባሕር የታላላቁ ዐውሎ ነፋስ ወራት ከሰኔ አንሥቶ እስከ ኅዳር ይዘልቃል። ስለዚህ ቸኩሎ የወጣ ሰው በደቡብ በኩል ከዐውሎ ነፋሱ ጋር ሊገናኝ ይችላል። ዘግይቶ የወጣውን ደግሞ ከሰሜን የሚመጣው ብርዳም ነፋስ ከኋላው ይደርስበታል። በሁለቱ መካከል ያለው የደኅና ጊዜ ጠባብ ነው። በሰሜን ካሮላይና ግዛት ኬፕ ሐተራስ የሚባል ወደ ባሕር የወጣ የምድር ጫፍ አለ። እዚያ ከደቡብ ወደ ሰሜን የሚገሠግሠውን ሞቃት የባሕር ጅረት የሰሜን ነፋስ ፊት ለፊት በመታው ጊዜ ማዕበሉ እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ከውሃው በታች ደግሞ የአሸዋ ቁልል ተጋድሟል። ብዙ መርከብ በዚያ ቀርቷል። ዛሬ ከቨርጂኒያ እስከ ፍሎሪዳ ወደ 1,100 ማይል ገደማ የሚረዝም፥ ወንዞችንና የተቆፈሩ ቦዮችን ያያዘ የውስጥ መንገድ ስላለ ትንንሽ ጀልባዎች ሐተራስን ሳይነኩ ማለፍ ይችላሉ። ቀድሞ ግን መንገዱ እንዲህ ተያይዞ አልተሟላም ነበር።

በዚህ ጽሑፍ ታሪኩን የምንተርከው፥ በመጸው ወደ ደቡብ መውረድን ልማድ ስላደረገና በመጨረሻ ከሄደበት ስላልተመለሰ ሰው ነው። ስሙ ካፒቴን ጆሹዋ ስሎከም ይባላል። ዓለምን ብቻውን በጀልባ የዞረ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። ዓመታቱን ሁሉ የምንጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር መሆኑን አንባብያን ይወቁልን።

ስሎከምን የመረጥነው ጀብዱው ስለሚያስደንቅ ብቻ አይደለም። እኛ ተማሪዎች ዛሬ መጽሐፍ የምናገላብጠው ነገ የሚፈለግ ሙያ ይኖረናል ብለን ነው። ይህ ሰው ግን በሙያው ከአንደኞቹ መካከል ከተቈጠረ በኋላ፥ ጎልማሳነቱ ሳያልፍ ሙያው ራሱ ከዓለም ላይ እየጠፋ ሲሄድ በዓይኑ አየ። እንዲህ ያለ ነገር የደረሰበት ሰው ምን ያደርጋል? ጥያቄው ለእኛም ሩቅ ስላልሆነ ታሪኩን ከሥሩ ጀምረን እንመልከተው።

ስሎከም የተወለደው በፌብሩዋሪ 20 ቀን 1844፥ ዛሬ የካናዳ ክፍል በሆነችው በኖቫ ስኮሺያ ነው። ከ11 ልጆች አምስተኛው ነበር። ቤተሰቡ በኋላ ብራየር ወደምትባል ትንሽ ደሴት ተዛወረ። የእናቱ አባት በዚያች ደሴት የመብራት ቤት ጠባቂ ነበሩ፤ ስለዚህ ልጁ ከሕፃንነቱ ጀምሮ መርከብ ሲያልፍ እያየ አደገ። አባቱ ግን ለዓሣ አጥማጆች የቆዳ ቦት የሚሠሩ፥ ሃይማኖታቸውን አጥባቂና እጃቸው የከበደ ሰው ነበሩ። ጆሹዋን በ10 ዓመቱ ከትምህርት ቤት አስወጥተው ቦት መሥሪያው ውስጥ አስቀመጡት። ከዚያ በኋላ መደበኛ ትምህርት አላገኘም።

በ12 ዓመቱ ገደማ ከሥራ በተረፈው ጊዜ እየተደበቀ አንዲት ትንሽ የመርከብ ምስል ከእንጨት ቀረጸ። አባቱ አገኙትና ምስሏን ከመሬት ጥለው ሰባበሯት። ልጁ ከዚያ በኋላ ልቡ ከቤት ወጣ። በ14 ዓመቱ ጠፍቶ በአንድ የዓሣ ጀልባ ላይ ወጥ ቤት ሆኖ ተቀጠረ፤ ብዙም ሳይቆይ ወደ ቤቱ ተመለሰ። በ1860 እናቱ በሞቱ ጊዜ ግን፥ በቤቱ የሚይዘው ነገር ስላልቀረ፥ በ16 ዓመቱ ተራ መርከበኛ ሆኖ ወደ አየርላንድ በሚሄድ መርከብ ተሳፈረ። ከዚያም ወደ ሊቨርፑል፥ ከሊቨርፑልም ወደ ቻይና አለፈ።

ከዚህ በኋላ ያለው የስሎከም ሕይወት ለእኛ ለተማሪዎች የሚያስቀና ነው። መምህርም ሰሌዳም ሳይኖረው፥ ሌሎቹ መርከበኞች በተኙበት ሰዓት የመርከብ አመራርን ሒሳብ ከመጽሐፍ ተማረ። ፀሐይንና ከዋክብትን ለክቶ የቆመበትን ቦታ ማወቅን ለመደ። በ18 ዓመቱ በእንግሊዝ መንግሥት ፊት ተፈትኖ የሁለተኛ ምክትል አዛዥነት የምስክር ወረቀት አገኘ። ደቡብ አሜሪካ ጫፍ ላይ ያለውን አስፈሪውን ኬፕ ሆርን ከአንድ ጊዜ በላይ ዞረ። ጃቫን፥ ማኒላን፥ ሆንግ ኮንግን፥ ሲንጋፖርን አየ። በኋላም በሳን ፍራንሲስኮ ተቀምጦ አሜሪካዊ ዜግነት ወሰደ፤ በ1869፥ በ25 ዓመቱ፥ የመጀመሪያይቱን መርከብ በአዛዥነት ተረከበ።

በጃንዋሪ 1871 በአውስትራሊያ በሲድኒ ከተማ ቨርጂኒያ ዎከር የምትባል ወጣት አገባ። ቨርጂኒያ ባሏን በወደብ ላይ ቆማ የምትጠብቅ ሴት አልሆነችም። በ13 ዓመት ትዳራቸው ቤቷ መርከቡ ነበር። ሰባት ልጆች የወለደችው በባሕር ላይ ወይም በባዕድ ወደብ ነው፤ ከነዚህም ሦስቱ በሕፃንነታቸው ሞተውባታል። የቀሩትን ፊደል ያስቈጠረቻቸው በመርከብ ክፍል ውስጥ ነው። በአንድ ወቅት መርከበኞች ባመፁ ጊዜም ሽጉጥ ይዛ ከባሏ ጎን ቆማለች።

የሠርጋቸው ጉዞ ራሱ ቀላል አልነበረም። ከሲድኒ በዋሽንግተን መርከብ ወደ አላስካ ለሳልሞን ዓሣ ሄደው ሳለ መልሕቁ በማዕበል ተጎትቶ መርከቢቱ በአሸዋ ላይ ወድቃ ተሰበረች። ስሎከም ግን ሚስቱንና መርከበኞቹን ሁሉ፥ ካጠመዱትም ዓሣ አብዛኛውን፥ በትንንሽ ጀልባዎች አድኖ ተመለሰ። አሠሪዎቹም ሌላ መርከብ ሰጡት እንጂ አላባረሩትም። ከመርከብ ወደ መርከብ እያደገ በ1881 ኖርዘርን ላይት የምትባለውን ታላቅ የሸራ መርከብ አዛዥም ባለድርሻም ሆነ። ያን ጊዜ በዓለም ላይ ከዚያች የምታምር የአሜሪካ የሸራ መርከብ እንደሌለች ያምን ነበር። ዕድሜው ገና 37 ነበር።

እንግዲህ ጭንቁ የጀመረው ከዚህ ላይ ነው። በ1869 የሱዌዝ ቦይ ተከፍቶ ነበር። በቦዩና በቀይ ባሕር የሸራ መርከብ ለመሄድ ነፋሱ አይመቸውም፤ በእንፋሎት የሚሄደው መርከብ ግን ነፋስ አይጠብቅም። ስለዚህ የሩቅ ምሥራቅ ንግድ እየዋለ እያደረ ወደ እንፋሎት ዞረ። ለሸራ መርከብ የተረፈው ዋጋው የረከሰ ከባድ ጭነት ነበር። ስሎከም ድርሻውን ሸጦ በ1884 አኵዊድኔክ የምትባል አነስ ያለች መርከብ ገዛ። በዚያው ዓመት በጁላይ 25 ቀን ቨርጂኒያ በቡዌኖስ አይሬስ ወደብ ታማ ሞተች፤ 35 ዓመት አልሞላትም ነበር። ልጆቹ ካደጉ በኋላ ሲናገሩ፥ አባታቸው ከዚያ ቀን ወዲህ መሪው እንደ ተሰበረበት መርከብ ሆኖ ቀረ ይሉ ነበር።

በ1886 ሔንሪየታ ኤልየት የምትባለውን የ24 ዓመት የአጎት ልጁን አገባና ከእሷ ጋር ወደ ደቡብ አሜሪካ ወረደ። በዚያ ጉዞ ያልደረሰበት መከራ የለም። በኮሌራ ምክንያት ወደብ ተዘጋበት፤ መርከበኞቹን ፈንጣጣ ጨረሳቸው፤ በሌሊት ሊገድሉት ከመጡበት ሰዎች አንዱን ተኵሶ ገደለና ለፍርድ ቀርቦ ራሱን በመከላከል ነው ተብሎ ነፃ ወጣ። በመጨረሻም በ1887 ማለቂያ ላይ አኵዊድኔክ በብራዚል በፓራናጓ የባሕር ወሽመጥ ከአሸዋ ላይ ወጥታ ተሰባበረች። መርከቢቱ ኢንሹራንስ አልነበራትም። የ43 ዓመቱ ካፒቴን ከሚስቱና ከሁለት ልጆቹ ጋር በባዕድ አገር ባዶ እጁን ቀረ።

ሌላ ሰው ቢሆን ወደ ቆንስል ሄዶ መሳፈሪያ ይለምን ነበር። ስሎከም ግን ከተሰበረችው መርከብ የተረፈውን እንጨትና ከዱር የተቈረጠውን ዛፍ አንድ ላይ አድርጎ 35 ጫማ ርዝመት ያላት ጀልባ መሥራት ጀመረ። ሸራውን ሔንሪየታ ሰፋችው። የናስ ሳንቲም እየበሳ ለምስማሩ መደገፊያ አደረገው። ጀልባይቱ ባሕር የገባችው በሜይ 13 ቀን 1888 ነበር፤ ያን ቀን በብራዚል የባርነት መቅረት ታወጀ። ስለዚህም ሊበርዳዴ፥ ማለት ነፃነት፥ ብሎ ሰየማት። በጁን መጨረሻ ከፓራናጓ ተነሥተው፥ በባሕር ላይ 55 ቀን ያህል ተጉዘው፥ 5,500 ማይል ያህል አቋርጠው በመጸው ወራት ደቡብ ካሮላይና ደረሱ። ከዚያም በጠረፉ ውስጥ ውስጡን ወደ ሰሜን እየወጡ በዲሴምበር ዋሽንግተን ገቡ። ሔንሪየታ ግን ከዚህ በኋላ ባሕር ይብቃኝ አለች፤ ማንም ሊፈርድባት አይችልም።

አገሩ ሲመለስ ሥራ አልነበረም። ለታላላቅ የሸራ መርከቦች አዛዥ የሚፈልግ ሰው ጠፍቶ ነበር። በቦስተን የመርከብ መሥሪያ ውስጥ እንደ ተራ አናጢ ጥቂት ጊዜ ሠራ። በ1892 አንድ የቀድሞ የዓሣ ነባሪ አዳኝ ካፒቴን መርከብ እሰጥሃለሁ፥ ጥቂት እድሳት ብቻ ይቀራታል አለው። ፌርሄቨን ወደምትባል ከተማ ሄዶ ቢያይ፥ የተባለችው መርከብ ከባሕር ርቃ በሜዳ ላይ በድጋፍ የቆመች፥ ሸራ የለበሰች፥ ዕድሜዋ የማይታወቅ አሮጌ የኦይስተር ማጥመጃ ጀልባ ናት። ስሟ ስፕሬይ ይባላል። ነገሩ በእሱ ላይ የተሠራ ቀልድ ነበር።

ስሎከም ቀልዱን ከቁም ነገር ወሰደው። በአቅራቢያው የበቀለ ነጭ የኦክ ዛፍ ቈርጦ አዲስ የታች አግዳሚ ሠራላት። አንዱን የበሰበሰ ሳንቃ አውጥቶ በቦታው አዲስ እያስገባ፥ ስሟ ብቻ የቀድሞው እስኪሆን ድረስ ለወጣት። ሥራው 13 ወር ፈጀ፤ ለዕቃ ያወጣው ገንዘብ 553 ዶላር ከ62 ሳንቲም ነበር። ስፕሬይ በተጠናቀቀች ጊዜ ርዝመቷ 36 ጫማ ከ9 ኢንች፥ ወርዷ 14 ጫማ ከ2 ኢንች ሆነ። እንግዲህ በዚህች ጀልባ ዓሣ ለማጥመድ ሞከረ፤ አልሆነለትም። ያን ጊዜ ዓለምን ብቻውን ሊዞርባት ቈረጠ።

በኤፕሪል 24 ቀን 1895 ከቦስተን ተነሣ፤ ዕድሜው 51 ነበር። ሰዓቱን ስንነግራችሁ አትሥቁ፦ ትክክለኛው የመርከብ ሰዓቱ ለማስጠረጊያ 15 ዶላር ስለ ተጠየቀበት ቤት ትቶት ሄደ፤ በኖቫ ስኮሺያ መስታወቱ የተሰበረ የቆርቆሮ ሰዓት በአንድ ዶላር ገዛ። ሰዓት የጎደለበትን በሒሳብ ሞላው። ጨረቃ ከሌላ ኮከብ ወይም ከፀሐይ ያላትን ርቀት ለክቶ ቦታውን የሚያገኝበት ጥንታዊ ዘዴ ነበረ፤ ሒሳቡ አድካሚ በመሆኑ ብዙዎች ትተውት ነበር። ስሎከም በፓስፊክ ውቅያኖስ መካከል ይህን ሒሳብ ሲሠራ ውጤቱ አልገጥም ቢለው፥ ስሕተቱን በራሱ ውስጥ ፈልጎ አጣና የታተመው የቍጥር ሠንጠረዥ የተሳሳተ መሆኑን ደረሰበት። ሦስተኛ ክፍል ያልተሻገረ ሰው መሆኑን አንርሳ።

መጀመሪያ ያሰበው መንገድ በጂብራልታር፥ በሱዌዝና በቀይ ባሕር ነበር፤ ያ ቢሆን ኖሮ በእኛው ደጅ ባለፈ ነበር። ነገር ግን በጂብራልታር ያገኛቸው የእንግሊዝ የባሕር ኃይል መኰንኖች በሁለቱም ዳር የባሕር ወንበዴ ስለሚበዛ አትሂድ ብለው መከሩት። ስለዚህ ፊቱን አዙሮ አትላንቲክን እንደገና ተሻገረና በደቡብ አሜሪካ ጠረፍ ወደ ማጄላን የባሕር መተላለፊያ ወረደ። በየካቲት 23 ቀን 1888 በእኛ አቆጣጠር፥ አባቶቻችን በዐድዋ ተራሮች ላይ በተዋጉበት ዕለት፥ ይህ ሰው በዚያ መተላለፊያ ውስጥ ብቻውን ከነፋስ ጋር ይታገል ነበር። ከሁለት ቀን በኋላ ወደ ፓስፊክ ቢወጣ ማዕበሉ ወደ ኬፕ ሆርን ገፋው፤ በሌሊት በዐለት መካከል አልፎ ዳግመኛ ወደ መተላለፊያው ገባና ጉዞውን ከመጀመሪያው ጀመረ።

በዚያ ቦታ የሆነው የምስማር ታሪክ በሰፊው ይነገራል። አንድ ወዳጁ በሰጠው የምንጣፍ ምስማር ሌሊት ጀልባውን አልብሶ ይተኛ ነበር፤ በባዶ እግራቸው የወጡበት የአገሩ ተወላጆች እየጮሁ ሸሹ። ይህ ወሬ ያሥቃል፤ እኛ ግን ሌላውን ወገን ሳናነሣ ማለፍ አንወድም። እነዚያ ሰዎች በዚያው ዘመን በነጮች ሰፋሪዎች ከምድራቸው እየተነቀሉና እየተገደሉ የነበሩ ሕዝቦች ናቸው። በመርከብ የሚመጣን ሰው በወዳጅነት የሚቀበሉበት ምክንያት ብዙ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ መንገዱ ቀና። ስሎከም ስፕሬይን መሪዋን በገመድ አስሮ ከለቀቃት፥ ሸራዋና ቅርጿ ሚዛን ጠብቀው፥ ራሷ መንገዷን ይዛ ትሄዳለች። ከአውስትራሊያ ሰሜን እስከ ኪሊንግ ደሴቶች 2,700 ማይል በ23 ቀን ሲሄድ መሪውን የያዘው ከሦስት ሰዓት በማይበልጥ ጊዜ ነው፤ የቀረውን ጊዜ መጽሐፍ ሲያነብ ቈየ። በሳሞዋ የደራሲው የሮበርት ልዊስ ስቲቨንሰን መበለት የባሏን የባሕር መጻሕፍት ሰጠችው። በደቡብ አፍሪካ ዓለምን እየዞረ መሆኑ ለፕሬዚዳንት ክሩገር ቢነገራቸው፥ ምድር ጠፍጣፋ ናት ብለው የሚያምኑት ሽማግሌ ዓለም አትዞርም ብለው ተቈጡ። በቅድስት ሄሌና ደሴት የተሰጠው ፍየል የካሪቢያንን ካርታ በላበት። በጁን 27 ቀን 1898 ሌሊት ኒውፖርት ገባ። 3 ዓመት ከ2 ወር ከ2 ቀን ሆኖት፥ 46,000 ማይል ተጉዞ ነበር። ከዚያ ሁሉ በላይ የሚገርመን ግን መዋኘት አለመቻሉ ነው።

የጉዞውን ታሪክ የያዘው መጽሐፉ በ1900 ታተመ፤ እስከ ዛሬም ይታተማል። ገንዘብና ስም አመጣለት። በ1902 በማርታስ ቪንያርድ ደሴት እርሻ ገዝቶ ፍሬ ለመትከል ሞከረ። ይሁን እንጂ 40 ዓመት በባሕር የኖረ ሰው ቤት ተቀምጦ ማረስን አልቻለበትም። ሔንሪየታ ከባሕር ቀረች፤ እሱ ደግሞ ከየብስ ቀረ። ከ1905 ጀምሮ መጸው ሲገባ ስፕሬይን አሰናድቶ ወደ ጃማይካና ወደ ካይማን ደሴቶች ይወርድ ጀመር። በዚያ ዛጎልና ብርቅ አበባ ሰብስቦ፥ በጸደይ ወደ ሰሜን ሲመለስ በየወደቡ ጀልባውን ለሰው እያሳየ፥ ዛጎሉንና መጽሐፉን ይሸጥ ነበር። ዓለምን የዞረው ሰው በስተርጅና ኑሮው የተንቀሳቃሽ ሱቅ ነጋዴ ኑሮ ሆነ።

ከነዚህ ጉዞዎች በአንዱ ሲመለስ፥ በ1906፥ በኒው ጀርሲ ግዛት በሪቨርተን ከተማ አንዲት የ12 ዓመት ልጅ ጀልባውን ልታይ ወጥታ ሳለ ነውር ሠርቶባታል ተብሎ ተከሰሰ። በሐኪም ምርመራ ከባዱ ክስ ስላልጸና ወደ ቀለለ ክስ ተለወጠ፤ ስሎከም በክሱ ላይ አልተከራከረም፤ 42 ቀን ታስሮ ተለቀቀ፤ ዳኛውም ወደዚያች ከተማ እንዳይመለስ አዘዙት። ይህን ነገር ዘለን ብናልፍ ታሪኩ ባማረ ነበር። ነገር ግን የምንጽፈው ገድል ሳይሆን የሰው ታሪክ ነው። በባሕር ላይ ያለውን ጀግንነት የምናምን ከሆነ በወደብ ላይ የተመዘገበበትንም መጻፍ አለብን። በዚያው በጋ ለፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት ብርቅ አበባ አምጥቶ ሰጠ፤ የፕሬዚዳንቱ ልጅም ከእሱ ጋር በስፕሬይ ተሳፈረ። አንድ ዓመት ሁለቱን ነገር ይዟል፤ እኛም አንዱን በሌላው አናጥብም።

ባዩት ሰዎች አነጋገር በመጨረሻዎቹ ዓመታት ስፕሬይም እንደ ጌታዋ ተጎሳቍላ ነበር። ስሎከም ግን አዲስ ሐሳብ ነበረው፦ ወደ ቬኔዙዌላ ወርዶ በኦሪኖኮ ወንዝ መግባት፥ ከዚያም በሪዮ ኔግሮ አልፎ አማዞንን መመርመር። በኖቬምበር ወር፥ ቅጠሉ ረግፎ ባለቀበት ጊዜ፥ ከማርታስ ቪንያርድ ተነሥቶ ወደ ደቡብ ሄደ። ከዚያ ወዲህ እሱንም ስፕሬይንም ያየ የለም። በሕግ መዝገብ የተጻፈው ቀን ኖቬምበር 14 ቀን 1909 ነው፤ በኋላ የመረመሩ ሰዎች ግን የዘመኑን ጋዜጦች አይተው የሄደው በ1908 መሆን አለበት ይላሉ። ሕግ መሞቱን ያወጀው በ1924 ነው።

እንዴት እንደ ጠፋ ብዙ ተብሏል። አንዳንዶች አሮጌይቱ ጀልባ ሳንቃዋ ተከፍቶ ሰጠመች ይላሉ። ሌሎች የዘገየው የመጸው ነፋስ በሐተራስ አጠገብ ያዘው ይላሉ። ከልጆቹ አንዱ ግን አባቱ በሌሊት የእንፋሎት መርከብ ሄዶበት ይሆናል ብሎ ያምን ነበር። በዚያ ጠረፍ ብዙ መርከብ ይመላለስ ስለ ነበር፥ መብራቷ የደከመች ትንሽ ጀልባ በማዕበል መካከል ለትልቅ መርከብ ጠባቂ አትታይም። ይህ እውነት ከሆነ፥ እንፋሎት መጀመሪያ እንጀራውን፥ በመጨረሻም ሕይወቱን ወሰደበት ማለት ነው። ማስረጃ ስለሌለ ግን እኛ በዚህ ላይ አንፈርድም።

ወደ መጀመሪያው ጥያቄያችን እንመለስ። ሙያው ያረጀበት ሰው ምን ያደርጋል? ስለ ስሎከም ስንወያይ ከመካከላችን አንዳንዶቹ እንደ እሱ ያለውን ሰው ግትር ይሉታል። እንፋሎት መጣ፤ እንፋሎትን መማር ነበረበት፤ ብዙ ካፒቴኖች እንዲሁ አድርገው ልጆቻቸውን አሳድገዋል ይላሉ። ይህ ክርክር ቀላል አይደለም። የስሎከም ግትርነት ዋጋውን የከፈሉ ሌሎች አሉ፤ ሔንሪየታ ለብዙ ዓመታት ባል እያላት ብቻዋን ኖራለች፥ ልጆቹም አባታቸውን ያወቁት ሲመጣና ሲሄድ ነው። ሌሎቻችን ደግሞ እንዲህ እንላለን፦ ዓለም አያስፈልግም ያለውን ዕውቀት ይህ ሰው በአንዲት ከሜዳ ላይ በተነሣች ጀልባ ውስጥ ሰብስቦ፥ ከዚያ በፊት ማንም ያልሠራውን ሥራ ሠራበት። ዕውቀቱ አላረጀም ነበር፤ ያረጀው የሚከፈልበት ገበያ ነው።

ሁለቱም ወገን እውነት አለው፤ ክርክሩንም እዚህ ልንዘጋው አንሞክርም። ነገር ግን ከታሪኩ አንድ ነገር ለራሳችን ወስደናል። ስሎከም በፓራናጓ ባዶ እጁን በቀረ ጊዜ፥ በፌርሄቨንም የተበላሸች ጀልባ በቀልድ በተሰጠችው ጊዜ፥ ያዳነው የምስክር ወረቀቱ አልነበረም፤ እንጨት መጥረብ፥ ሸራ መቀደድ፥ ሒሳብ መሥራት፥ ገመድ ማሰር መቻሉ ነው። የአዛዥነት ማዕረጉን ዘመን ወሰደበት፤ ይህን ግን ሊወስድበት አልቻለም። እኛም ከዚህ ግቢ ስንወጣ የምንይዘው ወረቀት እንዳለ ሆኖ፥ ወረቀቱ ዋጋ ያጣ ቀን በእጃችን ምን እንደሚቀር ከአሁኑ ብናስብበት መልካም ነው።

በየዓመቱ የዚያ አገር ቅጠል ሲረግፍ ትንንሾቹ ጀልባዎች ያንኑ ጠረፍ ይዘው ይወርዳሉ። በስፕሬይ ልክ የተሠሩም ብዙ ናቸው፤ ካፒቴኑ ልኳን በመጽሐፉ ትቶላቸው ሄዷልና።